ጠዋት ያየሁት የላላ ማሰሪያ

ይህን ታሪክ ደብረ ታቦር ውስጥ ከእኔ በፊት ያላወራው የለም። የባለቤቴ እህት በማኅበር ላይ አውርታዋለች። ጋራዣችን ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ሴት ለደንበኞቿ አውርታዋለች። የመኪናው ባለቤት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጓደኞቹን እያሳቀ እንደሚተርከው ደርሶኛል። በሁሉም ወሬ ውስጥ እኔ አንዲት ቀናተኛ አሮጊት ነኝ። ቅናቴን አልክድም፤ እርጅናዬንም እንዲሁ። ግን ከመሐል ያጎደሉት ነገር አለ። ያጎደሉትን የማውቀው እኔ ስለሆንሁ ከእኔም ስሙት።

ባለቤቴ መኳንንት መካኒክ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ጋራዡ ከፊት ቤታችን ከኋላ ሆኖ ኖረናል። በዚያ ጋራዥ ውስጥ የሞተር ዕቃ በቤንዚን የማጥበው እኔ ነበርሁ። ብሎን በየመጠኑ በጣሳ የምለየውም እኔ ነበርሁ። «አሥራ ሦስት ቁልፍ!» ብሎ ከመኪና ሥር እጁን ሲያወጣ የማቀብለው እኔ ነበርሁ። ደንበኛ ሲመጣ ግን «መኳንንት የለም?» ይለኛል፤ አለመኖሩን ካወቀ በኋላ እኔን የሚጠይቀኝ ነገር የለውም። ስሜም «የመኳንንት ሚስት» ነው።

አንድ ቂም እዚህ ላይ ይቀመጥልኝ። ሞተር ውስጥ ቴርሞስታት የሚባል ትንሽ መዝጊያ አለ፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን አግቶ ይይዛል። የእኛ አገር መካኒኮች «ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው» እያሉ አውጥተው ይጥሉታል። መኳንንት በዕድሜው የጣለው ቢሰበሰብ አንድ ጆንያ ይሞላል። ከብዙ ዓመት በፊት በጉና መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሾፌር፣ መኪናው ነዳጅ እየበላ አስቸግሮት ሲመላለስ፣ «ያወጣኸውን ነገር ብትመልስለትስ? ብርዱ እኮ እዚህም አለ» አልሁት። ከሾፌሩ ጋር ተያይተው ሳቁ። «አንቺ ደግሞ! ዕቃሽን እጠቢ» አለኝ። አጠብሁ።

ከዚያ ትርንጎ መጣች። የአንበሳሜ ልጅ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። መካኒክነት በትምህርት ቤት ተምራ ሥራ ፍለጋ በየጋራዡ ስትዞር ሁሉም «ሴት?» እያለ መለሳት፤ መኳንንት ተቀበላት። ስለ መልኳ የመናገር ግዴታ የለብኝም። ሰው እንዳወራው ግን አልጋዬን አልጠረጠርሁም፤ ይህ ይታወቅልኝ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነበር። ሁለቱ ኮፈን ሥር ራሳቸውን አገናኝተው ይንሾካሾካሉ፤ እኔ ስጠጋ ዝም ይላሉ። እሱ ያጠበቀውን ብሎን እሷ ኋላ ደግማ ትነካካዋለች፤ እሱም ምንም አይላትም። እኔ እሱ ያጠበቀውን ብነካ ኖሮ ግቢው ይቀወጥ ነበር።

ባለፈው ኅዳር ኤልያስ የሚባል ከሌላ አገር የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር መኪና ይዞ መጣ። መኪናው ለፍጥነት የተሠራ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ሲነሣ ሰፈሩን የሚያስደነግጥ ነበር።

«ጋሽ መኳንንት፣ እዚህ ከፍታ ላይ ትንፋሽ አጥሮታል» አለ ኮፈኑን እየከፈተ። «እስቲ ይዩት፣ ሁሉም ቱቦ ነው! የማያስፈልገውን ሁሉ አውጡልኝ። ራቁቱን ይቅር።»

«ራቁቱን ከቀረማ ጉና ላይ ጉንፋን ይይዘዋል» አለች ትርንጎ። ሦስቱም ሳቁ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ በጣቷ እያሳየች ቆጠረችለት። ጭስን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቧንቧ ይውጣ፤ የቤንዚን ተን የሚያጠራቅመው የከሰል ጣሳ ይውጣ፤ ወደ አየር ማስገቢያው ሙቅ ውሃ የሚወስዱት ቀጫጭን ቱቦዎችና የውስጥ ማሞቂያው ቱቦዎችም ይውጡ። «የውሃ ቀዳዳዎቹን በጎማ ቆብ እንደፍናቸዋለን፣ በብረት ማሰሪያ እናንቃቸዋለን። ከኋላዎ የሚመጣው ሰው ግን በጭሱ ይረግምዎታል።»

«እኔ ላይ ማን ይደርሳል?» አለ መምህሩ።

መኳንንት እንደ ልማዱ «ቴርሞስታቱም ይውጣ» አለ።

«ጋሼ፣ እሱስ ይቆይ» አለች። «ብርዱ እዚህም አለ እኮ።»

የእኔው ቃል ነው። ከእኔ አልሰማችውም፤ ከመጽሐፍ ይሆናል ያገኘችው። ግን ቃሉ ያው ነው። መኳንንት ምን አላት መሰላችሁ? ጥቂት አሰበና «እውነትሽን ነው፤ ይቆይ» አለ። ቤንዚን ያለበትን ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። ቀስ ብዬ መሬት ላይ አስቀመጥሁት። ይዤው ብቆይ ኖሮ የት እንደምደፋው አላውቅም።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። አርብ ከሰዓት በኋላ ከበር ሆኜ አያቸዋለሁ፤ ያው ሁለት ጀርባ፣ አንድ ሹክሹክታ። አላስችል አለኝ።

«ትርንጎ፣ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ሱቅ ሳሙና አምጪልኝ።»

«አሁን ነው እትዬ? ትንሽ ነገር ቀርቶኛል።»

«ስትመለሺ ትጨርሻለሽ። ዕቃው በምን ይታጠብ?»

ሳሙና ሞልቶ ነበር። እሷ ቀና ብላ መኳንንትን አየችው፤ ከዚያ እጇን ጠርጋ ወጣች። እኔም ወደ ቤት ገባሁ። ማታ ስወጣ ኮፈኑ ተዘግቷል፣ ሥራው አልቋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን በጨርቅ መወልወል የእኔ ድርሻ ነው። ከሞተሩ ኋላ፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ፣ አንዱን የጎማ ቆብ ስጠርግ ማሰሪያው በጣቴ ዞረ። ደግሜ ነካሁት፤ አሁንም ዞረ። በካቻቢቴ አንዴ ቢጠመዘዝ የሚያልቅ ነገር ነበር። ካቻቢቴው ደግሞ እዚያው አጠገቤ ተቀምጧል።

ቆቦቹን ሁሉ ስታስር የነበረችው ትርንጎ ናት። ይህንንም ያሰረችው እሷ ናት አልሁ። ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ ቃሉን ለማለዘብ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ደስ አለኝ። መምህሩ ሞተሩን ሲያስነሣ ውሃው እዚሁ ግቢ ውስጥ በሰው ፊት ይንጠባጠባል፤ መኳንንት ያያል፤ ያቺ «እውነትሽን ነው» የምትባል ልጅ አንገቷን ትደፋለች። ይኸው ነበር ሐሳቤ። ከግቢው አያልፍም ብዬ ነበር። ጨርቄን አጥፌ ሄድሁ።

መምህሩ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ሞተሩ ተነሣ። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ፤ አንድ ጠብታ የለም። ለካ የላላ ማሰሪያ የሚያፈስሰው ውሃው ሞቆ ሲገፋ ነው። ይህንን ማወቅ ነበረብኝ፤ ቅናት ግን የሚያውቁትን ያስረሳል።

«እስከ ጉና ግርጌ ደርሰን እንመለስ» አለ መምህሩ። ትርንጎ ከኋላ ተጣጥፋ ገባች። ከዚያ መኳንንት የፊቱን በር ከፈተ። ለሙከራ ሄዶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይልክና ደጃፍ ተቀምጦ ይጠብቃል። የዚያን ዕለት ግን እንደ ልጅ አማረው።

አፌን ከፈትሁ።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ አንድ እግሩን አስገብቶ።

ትርንጎ በመስኮቱ ታየኛለች። እሷ እያየችኝ «ማሰሪያው ላልቷል» ብል፣ «መቼ አዩት እትዬ?» ትለኛለች። «ጠዋት» ልላት ነው?

«ጋቢህን ያዝ» አልሁት። «ጉና ይበርዳል።»

ጋቢውን ከእጄ ተቀብሎ ገባ። ሄዱ።

ሠላሳ ደቂቃ ያህል ጣሳዎቹን ስደረድር ቆየሁ። የደረደርሁትን መልሼ እደረድራለሁ። ከዚያ ስልክ ላነሣ ስል የመኳንንት ስልክ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የመምህሩን ቁጥር የያዘው ያው ስልክ ነው፤ እንዴት እንደሚከፈት አላውቅም። የትርንጎ ቁጥር እኔ ጋ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ «እትዬ ቁጥሬን ልስጥዎት» ብላኝ ነበር፤ «ምን ያደርግልኛል?» ብያታለሁ።

ነጠላዬን አንሥቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥሁ ስላችሁ እመኑኝ። በጉና መስመር የሚሄደው ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ቆሟል፤ ሁለት ሰው ጎድሎታል። ሾፌሩን ለመንሁት።

«እናቴ፣ ሁለት ሰው እኮ ነው፤ አሁን ይመጣል።»

«ሰው ሊሞትብኝ ነው!»

«እንዲያ ከሆነማ ለሞተ ሰው አይቸኮልም» አለ፣ ተሳፋሪውም ሳቀ። ሁለቱ ሰዎች እስኪመጡ የቆየሁትን ያህል በሕይወቴ የቆየሁ አይመስለኝም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በማኅበር የምታውቀኝ ናት። «ደግሞ ወዴት ነሽ በዚህ አኳኋን?» አለችኝ።

«ለቅሶ» አልሁ ሳላስብ።

«የማን?»

ምን ጠራሁ ብዬ እንባዬ መጣ፤ እሷም የቅርብ ዘመድ የሞተብኝ መስሏት እጄን ይዛ አጽናናችኝ። መንገዱን ሙሉ ተስዬ ጨረስሁ። የጣራ ገዳምን ስለት ብቻ ሦስት ጊዜ ከፍ አድርጌያለሁ።

ጋሳይ የምትባለውን ከተማ አልፈን መንገዱ ሽቅብ ሲጀምር አየኋት። መኪናዋ ዳር ይዛ ቆማለች፤ ኮፈኗ ተከፍቶ ነጭ እንፋሎት ይወጣል። ገብስ ሲያጭዱ የነበሩ ገበሬዎች ከበዋታል። «አውርደኝ!» ብዬ ጮኽሁ።

ስጠጋ አንዱ ገበሬ ለጓደኛው «ይች መኪና አረቄ ልታወጣ ነው እንዴ? ትፈላለች እኮ» ይላል። ሲስቅ ሰምቼ ነፍሴ ተመለሰች፤ ሰው በሞተበት አይሳቅም።

መኳንንት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ጋቢውን እስከ አንገቱ ተከናንቧል። ትርንጎ ቆማለች፤ ቀኝ ክንዷ ከክርኗ እስከ ጣቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ አንዲት የገበሬ ሚስት በእርጥብ ጨርቅ ውሃ እያንጠባጠበችበት ነው። መምህሩ የጎማ ቆቡን በእጁ ይዞ ይንጎራደዳል።

«ማዘር፣ መጡ? ይኸው የእናንተ ጋራዥ ሥራ!» አለኝ። ማዘር ሲለኝ አልወድም። «ውሃው በሙሉ ወጥቶ ሞተሩ ተቃጠለ። ማን ነው ይሄን ያሰረው? እስካሁን የሚነግረኝ አጣሁ።»

«እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ።

እኔ መኳንንት ፊት ተንበረከክሁ። «ተርፈሃል?»

«ተርፌያለሁ።»

ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ ደብቋል። ስቤ አወጣሁት። መዳፉ በሙሉ ውሃ ቋጥሯል፤ አንዱ ቋጠሮ የዶሮ እንቁላል ያህላል። ሳላስበው በጣቴ ነካሁት። ፊቱ አልተለወጠም።

«አያምህም?»

እጁን ወደ ጋቢው ሊመልስ ሳበ።

«መኳንንት፣ አያምህም ወይ?»

«ከፋሲካ ወዲህ እጃቸው አይሰማቸውም፣ እትዬ» አለች ትርንጎ ከኋላዬ። እሱን ጠየቅሁ፣ እሷ መለሰችልኝ። «እንፋሎቱ ሲወጣ ወርደው የራዲያተሩን ክዳን ያዙት። ያቃጥል አያቃጥል አላወቁም፤ ሊከፍቱት ነበር። ስስባቸው ክዳኑ ትንሽ ዞሮ ስለነበር ውሃው እኔ ላይ ፈነዳ።»

ያኔ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። እሱ ያጠበቀውን ደግማ የምትነካካው፣ ሹክሹክታው፣ እኔ ስመጣ ዝም ማለታቸው። እጁ እንደማያጠብቅ ስለምታውቅ ከኋላው እየተከተለች ታጠብቅ ነበር። አርብ ዕለት ግን ሳሙና ልትገዛ ሄዳለች። የላከቻት ማን እንደሆነች እናንተም ታውቃላችሁ። የኋለኛውን ቆብ ያሰረው ብቻውን የቀረው መኳንንት ነው።

እፎይ ማለት ነበረብኝ፣ አይደለም? ሹክሹክታው ስለ እጁ ሕመም ነበርና። አላልሁም። ቅናቴ የዚያን ጊዜ ነው የበለጠ የነደደው። ሠላሳ ዓመት ከእጄ ቁልፍ የተቀበለ እጅ ሲደነዝዝ ከእኔ በፊት ያወቀችው ሌላ ሰው ናት። በየቀኑ እንጀራ አብሬው እየበላሁ አላወቅሁም።

መምህሩ አሁንም አልበረደለትም። «አንቺ ልጅ፣ ካሁን በኋላ የማንንም መኪና እንዳትነኪ አደርጋለሁ። ጋሽ መኳንንት፣ እሷን ካላባረሩ ከዩኒቨርሲቲ አንድ መኪና ወደ እርስዎ አይመጣም። ሴት መካኒክ ብሎ ነገር!»

ትርንጎ ከንፈሯን ነከሰች። ከተማው ትንሽ ነው፤ ይህ ወሬ አንዴ ከወጣ ለሷ ሁለተኛ ጋራዥ የለም። እሷም ታውቃለች፣ መኳንንትም ያውቃል። አየሁት። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ዝም አለ።

የተመኘሁት ሁሉ በሌላ ሰው አፍ ተነገረልኝ ማለት ነው። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ከዚያ ቀጥሎ የተናገርሁትን ለእሷ አዝኜ የተናገርሁት አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ ውሸት ነው። የመኳንንትን ዝምታ ስለማውቀው ነው። ያንን ዝምታ ሠላሳ ዓመት ኖሬበታለሁ። እኔ ያገኘሁትን ብልሽት ደንበኛ እሱ ያገኘው መስሎት ሲያመሰግነው፣ እንዲሁ መሬት መሬት እያየ ዝም ይል ነበር። አሁን ደግሞ በሌላ ሴት ላይ ዝም አለ። ይህን ማየት አልቻልሁም።

«ጠዋት ላልቶ አይቼዋለሁ» አልሁ።

መምህሩ «ምን?» አለ። መኳንንት ቀና አለ።

«መቼ?»

«ስወለውለው።»

«ሳልገባ በፊት?»

«ሳትገባ በፊት።»

«ታዲያ ስገባ ምን አልሽኝ?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ለብሶታል።

«ጋቢህን ያዝ አልሁህ።»

ከገበሬዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ አማተቡ።

«የማን ሥራ መስሎሽ ነው?» አለኝ መኳንንት በቀስታ። ትርንጎን አየኋት፤ ሌላ መልስ አላስፈለገውም።

«አንተስ?» አልሁ፣ ድምፄ ከቁጥጥሬ ወጥቶ። «እጅህ መደንዘዙን ለሌላ ሰው ነግረህ እኔን የደበቅኸኝ አንተስ? እኔ ማን ነኝ?»

«ላንቺ እንዴት ብዬ እነግርሻለሁ?» አለኝ። «ሁሉን ነገር ታስቀምጪብኛለሽ። የዛሬ ሃያ ዓመት የተናገርሁትን እስካሁን አንስተሽ ትጥዪብኛለሽ። ይሄንንም ታስቀምጪብኝ ነበር።»

ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል። እንዲህ ልቤ ላይ የደረሰ ንግግር ግን አላውቅም፤ እውነት ስለነበር ነው። ከዚያ ጋቢውን ጥሎ ተነሣ።

«መምህር፣ ያሰርሁት እኔ ነኝ» አለ። «ልጅቱ አልነበረችም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሞተርዎን እኔ እሠራለሁ።» እጁን አየና፣ «አሠራለሁ» ብሎ አረመ።

አንድ አይሱዙ በገመድ ጎትቶ ደብረ ታቦር አደረሰን።

ሐኪም ቤት የመኳንንት ሕመም ስኳር መሆኑ ታወቀ፤ ቆይቶ እጁን አደንዝዞታል። እንዲያውም ያ ቃጠሎ ባይኖር ኖሮ ሳይታወቅ ብዙ ይቆይ ነበር ተባለ። ሞተሩ ሲፈታ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው፣ ተጣምሞ ተገኘ። ማን ይግጠመው? የመኳንንት እጅ አይሰማ፣ የትርንጎ ክንድ በፋሻ ተጠቅልሏል። እንዲህ ሆኖ ነው ቁልፉ እኔ እጅ የገባው።

«ከመሐል ይጀምሩ እትዬ። ወደ ዳር ይውጡ። እንደሱ አይደለም፣ በመስቀል።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቁማ ለምን ከዳር ጀመሩ?»

አራት ቀን እንዲህ ተነታረክን። በአምስተኛው ቀን ሞተሩ ተነሣ። መምህሩ ዓይኑን ማመን አቅቶት «ማዘር፣ እርስዎ ነዎት የገጠሙት?» አለኝ። «ስም አለኝ» አልሁት፣ ነገርሁትም። እስካሁን ማዘር ነው የሚለኝ፤ ግን መኪናው ሲታመም እኔን ጠይቆ ነው የሚገባው።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ ቂም በጓዳችሁ የምታስቀምጡ ሴቶች፣ «ከዚያ ወዲህ ታረቁ፣ እናትና ልጅ ሆኑ» እንድላችሁ የምትጠብቁ ከሆነ አዝናለሁ። ትርንጎን አሁንም አልወዳትም። ስትስቅ ያመኛል። ክንዷ ላይ የቀረውን ጠባሳ ግን በየቀኑ አየዋለሁ፤ እጅጌዋን ስትሰበስብ ዓይኔን አላዞርም፣ ለራሴ የሰጠሁት ቅጣት ነው። ቁጥሯንም ስልኬ ውስጥ አስገብቻለሁ።

ቅናት ሰውን እንደሚያሳውር ሁልጊዜ ይነገራል። እኔን ግን አላሳወረኝም። ማሰሪያውን ከሁሉም ቀድሞ ያየው የእኔ ዓይን ነው። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ አይቼ፣ አውቄ፣ ካቻቢቴው አጠገቤ ተቀምጦ ዝም ማለቴ። መኳንንት ዝም ይላል እያልሁ ሠላሳ ዓመት ስከስሰው፣ ከእሱ ዝምታ የባሰ ዝምታ እኔ ውስጥ እንደነበረ አላውቅም ነበር። የእሱ ዝምታ ምስጋናዬን ወሰደብኝ። የእኔ ዝምታ ግን እሱን ራሱን ሊወስደው ነበር።

እሱም ቢሆን ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላነሣብኝም። በማንሣት የሚታወቀው እኔ እንጂ እሱ አይደለም። በየወሩ ለሕክምና ባሕር ዳር አብረን እንሄዳለን። መናኸሪያ ደርሰን ሚኒባሱ በር ላይ ስንቆም አንድ እግሩን ያስገባና ዞሮ ያየኛል። ምንም አይጠይቀኝም።

«ግባ» እለዋለሁ።

ይገባል። ሁልጊዜ ግን ከመግባቱ በፊት ትንሽ ይቆያል።